ማሸጊያው ላይ ያለችው ሴት

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ለወይዘሮ ጀማነሽ፣

እቴቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? አባዬስ? ልዩስ? እህቴ ሰሞኑን ድምጿ ጠፍቷል፤ ፈተና ይዟት ነው ብዬ ትቻታለሁ። እኔ በጸሎትዎ ደህና ነኝ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም።

እንደታዘዝኩት በእጄ ጽፌ፣ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር አድርጌ፣ ፎቶ አንሥቼ በልዩ ቴሌግራም ልኬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ድምፄን ቀድቼ ብልክ ወዲያው ያልቅ ነበር። ግን እርስዎ «ሰው የሚያስበው ሲጽፍ ነው» ብለው ድርቅ ስላሉ፣ በቃ፣ ይኸው። ጡረታ ወጥተዋል ያለኝ ማን ነው?

አሁን ወደ ጉዳዬ። የመጨረሻው ፕሮጀክታችን ደርሷል። እያንዳንዳችን አንድ ሸቀጥ ከባዶ ፈጥረን፣ ስም አውጥተን፣ ማሸጊያ ሠርተን፣ እውነተኛ ሱቅ አስገብተን መሸጥ አለብን። ዳኞቹ የሚመጡት ከትልልቅ ድርጅቶች ነው። አንደኛ የወጣው ሥራ ይቀጠራል፤ የቀረነው ደግሞ ለሥራ ደጅ ስንጠና የመኖሪያ ፈቃዳችን ያልቃል። እንግዲህ ዝም ብዬ ልንገርዎት፣ ይህ ከከሸፈ ሻንጣዬን ይዤ መመለሴ ነው።

የክፍሌ ልጆች ስለ ሳሙናና ስለ ውሻ ምግብ ያስባሉ። እኔ ግን የእርስዎን ሽሮ አሰብኩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እዚህ ያለው ሐበሻ ሁሉ ሽሮ ፍለጋ ነው፤ ሱቅ ያለው ደግሞ በላስቲክ ተቋጥሮ የተቀመጠ፣ ስም የሌለው፣ ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ ነው። ስለዚህ አሠራሩን ከነልኩ ይጻፉልኝ። በግራም ይሁን እቴቴ! «ቆንጠር አድርገህ» አይበሉኝ።

አባዬ ባለፈው ስደውል ያስለው ነበር። ሐኪም ይየው። ደግሞ ማርኬቲንግ ልማር ስል «ወሬ ነው» ያለኝን አልረሳሁም። ዕድሜ ልኩን ለካዛንቺስ ሱቆች ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው! ሥራው ከሥራዬ በምን ተለየ? ይህን ይንገሩልኝ፣ ይናደድ።

ልጅዎ ዮአብ

•

አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ፣ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዮአብ አጥናፉ፣

የድንግል ልጅ ካለህበት ይጠብቅህ። እኛ ደህና ነን ይባላል። ውኃ ሲያሻት ብቅ ትላለች፤ ከሥራችን ያለው ጋራዥ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ ይውላል፤ አከራያችን በር በከፈትን ቁጥር እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቆማ ታየናለች። የካዛንቺሱ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ጎረቤቱ አንዱ ገላን፣ አንዱ ሰንጋ ተራ ሆኖ ተበትኗል። ዕድራችን ግን አልፈረሰም። ጋሽ ተከስተ አሁንም ሰብሳቢ ናቸው፤ ለስብሰባ ያረፈደን ሰው አሁንም ይቀጣሉ።

ጽሑፍህን አየሁት። ስንት ልጅ ፊደል አስቆጥሬ፣ ወንድሜ ስንት ታፔላ ጽፎ፣ ከዚህ ቤት የወጣ ልጅ እንዲህ ይጽፋል? ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። እጅህን ለምን እንደማታፍታታ ይገባኛል፤ ጣትህ ስልክ ለመዳሰስ ብቻ ነው የቀረችህ።

ሽሮ በግራም! ወይ ጉድ! እናትህ ነፍሷን ይማርና፣ እሷም እኔም በእፍኝና በዓይን ነው የሠራነው። ልዩ ግን አንተኑ ናትና ከባምቢስ በኩል ሚዛን ተውሳ መጣች። ሽምብራው ይኸን ያህል፣ አተሩ ይኸን ያህል፣ በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ እያለች እኔ ከእጄ በጨመርኩ ቁጥር «ቆይ! ቆይ!» እያለች ታስቆመኛለች። ደሜ ፈልቶ እፍኜን ግድግዳው ላይ ልረጨው ነበር። አባትህ አልጋው ላይ ሆኖ እያየን እስኪያስለው ሳቀ። ልኩን ልዩ በጀርባው ጽፋልሃለች።

መልእክትህን ነገርኩት። አልተናደደም። «የሽሮውን ስም እኔ ነኝ የምጽፍለት፤ የኮምፒውተር ፊደል እንዳያደርግበት» ብሏል። የት እንዳለ ያልታወቀውን ቡሩሹን ሁሉ ከካርቶን አስወጥቶ እያሳጠበን ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዷል፣ መድኃኒትም ይዟል። አንተ ብቻ ትምህርትህን ጨርስ። ይህን ሁሉ የምናገርህ እወድሃለሁ ብዬ አይደለም፣ ንዴቴ ስላልወጣልኝ ነው።

አክስትህ ጀማነሽ

•

ፍራንክፈርት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእቴቴ፣

ጤናዎን ያብዛልኝ! ሽሮው ተሠራ! ማለቴ፣ በልዩ ሚዛን ልክ አንድ የሐበሻ ወፍጮ ቤት አስፈጭቼ፣ አብረውኝ ለሚማሩት ልጆች ሠርቼ አበላኋቸው። አንዱ ጀርመን ሳህኑን ሊልሰው ምንም አልቀረው። ስሙን «የእቴቴ ሽሮ» አልኩት። አይቆጡ፣ ሌላ ስም ሞክሬ ሞክሬ እምቢ ነው ያለኝ።

አሁን ሁለት ነገር ያስፈልገኛል። አንደኛው አባዬ ቃል የገባልኝ ጽሑፍ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም «የእቴቴ ሽሮ» ብሎ ይጻፍልኝ፤ ልዩ በደህና ብርሃን ፎቶ አንሥታ ትላከው። ሁለተኛው የእርስዎ ፎቶ ነው። ፕሮፌሰሯ የምትለን፣ ሰው የሚበላ ነገር ሲገዛ ከጀርባው ሰው ማየት ይፈልጋል፣ ፊት ያስፈልገዋል። እባክዎ ለፎቶ ብለው አይቀያየሩ፣ አይኳኳሉ፣ ፈገግ ልበል ብለው አይጨነቁ። እንዳሉ ይነሡ። እስከ ደረትዎ ድረስ፣ ፊት ለፊት፣ ነጠላዎን ለብሰው።

አባዬ ትናንት ስልክ አንሥቶ ሁለት ቃል ሳይናገር ለልዩ ሰጣት። ድምፁ ደክሞብኛል። ምንድን ነው የሚደብቀኝ ነገር? ካለ ይንገሩኝ።

ዮአብ

•

አዲስ አበባ፣ ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮአብ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ።

በዓሉ እንዴት ነበር? መልስ ሳልጽፍልህ ቆየሁ። እጄ እሺ አላለኝም።

የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ተከስተ «አባትህ ጠበል ገብቷል፣ ያለበት ቦታ ስልክ አይሠራም ብለሽ ጻፊለት» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ስልክ አትደውልልኝ፣ አላነሣም። ልዩንም አትጨቅጭቃት።

ፎቶ ላኩልኝ ብለህ ነበር። ልዩ አንሥታኛለች፣ ከዚህ ጋር ይደርስሃል። እንዳልከኝ አልተኳኳልኩም፣ እንዳለሁ ነው የተነሣሁት። መንገድ ላይ እየሄድክ እንዳታየው። ቤትህ ግባ፣ ቁጭ በል፣ ደህና አድርገህ እየው። አንተ አሁን ሥዕል ማየት የተማርክ ሰው ነህ። አይተህ ስትጨርስ ያየኸውን ጻፍልኝ። እጠብቃለሁ።

አክስትህ ጀማነሽ

•

ፍራንክፈርት፣ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእቴቴ፣ ለሞዴሏ!

እንኳን ለጥምቀት አደረሰዎ! እቴቴ፣ ፎቶው! ምን ልበልዎት፣ በቃ ገደሉኝ! ከዚህ የተሻለ ፎቶ ገንዘብ ከፍዬም አላገኝም ነበር። ያ ጥቁር ቀሚስ፣ በላዩ ነጭ ነጠላ፣ ደግሞ ጥለቱ ወደ አንገትዎ መጥቶ ፊትዎን እንደ ክፈፍ ያዘው! ከቀይና ከአረንጓዴው ጥለት ላይ ነው የማሸጊያውን ቀለም የወሰድኩት። ዓይንዎ ደግሞ! ፕሮፌሰሯ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ስታየው ቆየችና «ይህች ሴት ካሜራውን አይደለም የምታየው፣ እኔን ነው» አለች። እሷ ሰው አታሞግስም።

ከኋላዎ የነበረውን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ቆርጬ አወጣሁት። ለመሆኑ ማን አገባ? ጥር ገባ አልገባ ሳትሉ ሰርግ ጀመራችሁ ማለት ነው። ልዩ ምንም አልነገረችኝም።

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። የአባዬ ጽሑፍ የት አለ? ራሱ ነው እጽፋለሁ ያለው፣ እኔ አልለመንኩትም። ጠበል መግባቱ ጥሩ፤ ከመግባቱ በፊት አንድ መስመር መጻፍ አቃተው? ወይስ አሁንም «ወሬ ነው» ላይ ነው ያለው? ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀኝ ነው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልመጣ በኮምፒውተር ፊደል አሳትመዋለሁ፣ ከዚያ እንዳይቆጣኝ።

ልጅዎ ዮአብ

•

አዲስ አበባ፣ የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዮአብ፣

ሰላምታ ጀምሬ ቀደድኩት፤ ሌላ ወረቀት አወጣሁ፣ እሱንም ቀደድኩት። ስለዚህ ያለ ሰላምታ ተቀበለኝ።

«ማን አገባ» አልከኝ።

አንተ ልጅ፣ ዓይን አለህ? ቁጭ ብለህ እየው አላልኩህም? ደህና አድርገህ እየው አላልኩህም? አይተህ ያየኸውን ጻፍልኝ ብዬ ጥምቀትን ሙሉ በር በሩን ሳይ ሰንብቼ፣ የደረሰኝ ስለ ቀለም ነው! ጥለቱ ፊትዎን እንደ ክፈፍ ያዘው ትለኛለህ! ይህን ካዛንቺስ ያደገ ልጅ ይጽፈዋል? ያንን ደብዳቤ ልዩ ስታነብልኝ ስልኩን ነጥቄያት ራሴ ጨረስኩት። 

ፎቶዬን ከማሸጊያው ላይ አንሣ። ዛሬውኑ አንሣ። ለሽሮ ብዬ አልተነሣሁም። ለአንተ ነው የላክሁት፣ ለአንተ ብቻ፣ ለሱቅ አይደለም፣ ለፕሮፌሰርህም አይደለም። እሷ እንኳን፣ ቋንቋችንን የማታውቅ የሰው አገር ሴት፣ ዝም ብላ አየችኝ አልክ። ፎቶዬ ለሚለው ነገር ከአንተ እሷ ትቀርባለች።

ምንድን ነው ግን እዚያ የሚያስተምሩህ? ምን እንደሚያሸጥ፣ ምን እንደሚያስገዛ፣ ቀለሙ ከምን ጋር እንደሚሄድ፣ ይህን ሁሉ አወቅህ። አክስትህን ማየት ግን አቃተህ። እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኩህ። አመመኝ ሳልልህ ያመመኝን ታውቅ አልነበር? የት ጣልከው ያንን ልጅ?

ሰሞኑን ቤታችን ሰው በዝቶበት ነበር የሰነበተው። ከገላንም ከሰንጋ ተራም መጥተው ነበር። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፣ ብትጠይቀኝም አልመልስልህም፣ ምላሴ ታስሯል።

የአባትህ ጽሑፍ አለ። ጽፎ ጨርሶታል። እኔ ጋ ነው ያለው። አልልክልህም።

ጀማነሽ

•

ፍራንክፈርት፣ የካቲት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእቴቴ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔም ተናድጃለሁ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከእርስዎ ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ምን አደረግኩ? ላኩልኝ አልኩ፣ ላኩ። ለማሸጊያ ነው ብዬ ጽፌያለሁ፣ አልደበቅኩም። አሁን ታትሟል! ሱቆች ገብቷል! ጾሙ ገብቷል! ዳኞቹ በአሥራ ስምንት ቀን ውስጥ ይሰበሰባሉ። አንሣ ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? ካርቶን ሙሉ ማሸጊያ ልብላው?

ካፈሩብኝ «አፍሬብሃለሁ» ይበሉኝ። ሽሮ ላይ መለጠፍ ለአስተማሪ አይመጥንም ይበሉኝ። ይገባኛል። ግን ምላሴ ታስሯል፣ አትጠይቀኝ፣ አልመልስም፣ ይህ ምንድን ነው? እኔ እዚህ ሰሐን እያጠብኩ የምማረው የእናንተን እንቆቅልሽ ለመፍታት አይደለም።

የአባዬ ደግሞ ባሰ። ጽፎ ጨርሷል፣ እርስዎ ጋ አለ፣ አልልክም! ይህ የማን ተንኮል ነው፣ የእርስዎ ወይስ የእሱ? ወሩ አልፎ ሌላ ወር ገባ፤ አንድ ቀን ድምፁን አላሰማኝም። የትኛው ጠበል ነው ይህን ያህል የሚያስቆይ? ስልክ የሌለበት አገር ቀርቷል? ልዩን ስጠይቃት ታለቅሳለች፤ ጨቀጨቅከኝ ትልና ትዘጋብኛለች። ገብቶኛል። ማርኬቲንግ ተምሬ አሳፈርኩት፣ አኩርፎኛል፣ እናንተ ትሸፍኑለታላችሁ።

እንግዲያስ ይንገሩልኝ፤ እሱ ልጅ የለኝም ካለ እኔም አባት የለኝም። ቃል በቃል ይንገሩት። ጽሑፉንም አልፈልገውም። በኮምፒውተር ፊደል አሳትሜዋለሁ፣ ያምራል።

ዮአብ

•

ፍራንክፈርት፣ መጋቢት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ማን እንደነገረኝ ያውቃሉ? እናንተ አይደላችሁም። ሽሮ የምትሸጥ ሴት ናት።

ዳኞቹ ሰኞ ዕለት ተሰበሰቡ። አንደኛ ወጣሁ። ከመካከላቸው አንዱ ማሸጊያውን ከፍ አድርጎ ይዞ «በዚህች ሴት ፊት ላይ የምናየው እውነት በገንዘብ አይገዛም» አለ፣ አጨበጨቡልኝ። እዚያው ሥራ አቀረቡልኝ። በነጋታው እንደ ሞኝ እየሳቅኩ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወዳለው ሱቅ ሄድኩ፤ ባለሱቋ እትዬ ዘውዲ ይባላሉ፣ ያገራችን ሰው ናቸው። ስንት ተሸጠ ብዬ መደርደሪያውን ሳይ የእርስዎ ፊት የለም። ማሸጊያው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

«እትዬ ዘውዲ፣ ለምን አዞሩት?» አልኳቸው። ወደ ጎን ወሰዱኝ። በጣም ቀስ ብለው ነው የተናገሩኝ።

«ልጄ፣ ይቺ ሴት ማን ሞቶባት ነው?» አሉኝ።

ሳቅኩ። እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ሳቅኩ! «ማንም አልሞተባት፣ አክስቴ ናት፣ ጤነኛ ናት» አልኩ። «ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። ኀዘንተኛ ሴት ሽሮ ላይ ለጥፈህ ማን ይገዛልሃል? ገብቶ ያየ ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ ይወጣል፤ እኔም ማየት ቢከብደኝ ነው ያዞርኳት» አሉኝ። ከዚያ ፊቴን አዩና «ምነው፣ አላወቅህም?» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ስልኬን አውጥቼ ያልተቆረጠውን ፎቶ ከፈትኩ። ድንኳኑ አለ። አግዳሚው አለ። ጋሽ ተከስተ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የአባዬ ወንበር ላይ የአባዬ ኮት ተቀምጧል። ይህን ሁሉ እኔ ነኝ ቆርጬ የጣልኩት። ልዩ ጋ ደወልኩ። «አባዬ የት ነው?» ስላት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

አሁን የእኔን ንዴት ይስሙኝ! እንዴት ታደርጉኛላችሁ? አባቴ ተቀብሮ፣ ሠልስቱ ወጥቶ፣ አርባው ተበልቶ፣ እኔ እዚህ ስለ ማሸጊያ ቀለም እጽፋለሁ! አባት የለኝም ብዬ ስጽፍ ዝም ብላችሁ አነበባችሁኝ! ያን ቃል ማን ያነሣልኛል? አልቅሼ ልቀብረው መብቴ አልነበረም? ልጁ እኔ ነኝ ወይስ ጋሽ ተከስተ? ፈተና ይበልጣል ብሎ የወሰነልኝ ማን ነው? በገዛ አባቴ ሞት አንደኛ አስወጣችሁኝ፤ በእርስዎ ኀዘን ተጨበጨበልኝ፤ ይህን ዕድሜ ልኬን ይዤው እንድሄድ አደረጋችሁኝ።

መልስ እፈልጋለሁ። ጠበል፣ ኔትወርክ፣ ምላሴ ታስሯል እንዳይሉኝ።

ዮአብ

•

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለወንድሜ ልጅ፣ ለዮአብ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህንኑ ጥር ላይም ጽፌልህ ነበር፣ በመጀመሪያው መስመር። ተመለስና እየው። በደህና ዘመን ለማን ነው «ያጽናህ» ተብሎ ደብዳቤ የሚጀመረው?

ተናደድ። ደግ አደረግህ። እኔም እየተናደድኩ ነው የምጽፍልህ፤ ሁለታችንም አንድ ላይ ብንናደድ ይሻላል፣ እስካሁን ብቻዬን ነበርኩ።

አባትህ የሞተው የገና ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሳንባው ነው አሉን። ሐኪም ቤት ብዙ አልቆየም፤ ቤቴ መልሱኝ ብሎ፣ በዚህ ቤቴ በማይለው የኪራይ ቤት፣ ልዩና እኔ እጁን ይዘነው አረፈ። ተቀብሮ ከመመለሳችን ጋሽ ተከስተ ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ። «ልጁ ብቻውን ነው፣ ፈተና ላይ ነው፣ የሚደግፈው ሰው በሌለበት መርዶ አይነገርም። ሲጨርስ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በማለዳ ሄደው ያረዱታል» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ጮህኩ። ልጄ ነው፣ የእኔን ልጅ እኔ አውቀዋለሁ፣ አይወድቅም፣ ይችላል አልኩ። ማን ይሰማኛል? ኀዘንተኛ ናት፣ የምትናገረውን አታውቅም ተባልኩ። መስቀል አምጥተው አፌን በመሐላ ዘጉት። የልዩንም ዘጉት።

አፌን ነው የዘጉት። ልብሴን አልዘጉትም።

ያንተ ደብዳቤ እጄ ላይ ነበር፣ እንዳሉ ይነሡ የሚለው። በሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ሳይነሣ ልዩን ጠራኋት። ጋሽ ተከስተ ባሉበት፣ አጠገባቸው፣ «ወንድምሽ ፎቶ ፈልጎ የለ፣ አንሺኝ» አልኳት። እሳቸውም አዩኝ፤ የገባቸው ይመስለኛል፣ ግን አልከለከሉኝም። የአባትህን ኮት ወንበሩ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጥለቱን ስቤ አንገቴ ላይ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፣ ደህና ሆኖ እንዲታይህ። በየድንኳኑ ውኃ እያደለ ያደገ ልጅ ነው፣ ሲያየው ይገባዋል አልኩ። ቁጭ ብለህ እየው ያልኩህ ለምን መሰለህ? መንገድ ላይ ብታየው ትወድቃለህ ብዬ ነው! ከዚያ ሌሊቱም ቀኑም ስለ አንተ መጨነቅ ሆነ። አሁን አይቶት ይሆን? አሁን እያለቀሰ ይሆን? ማን አጠገቡ አለ? ስል ስል «ለሞዴሏ» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ።

እንግዲህ አልነገራችሁኝም አትበለኝ። ነግሬሃለሁ። መርዶህን በእጄ ልኬልሃለሁ፣ አንተ ሽሮ ላይ ለጠፍከው። ንዴቴ ይኸ ነው፣ የመለጠፍህ ብቻ አይደለም፣ አለማየትህ ነው። ፕሮፌሰርህ አየችኝ፣ ዳኞችህ አዩኝ፣ ዘውዲ የምትላት ያች የተባረከች ሴት አየችኝ። ሁሉም አየኝ፣ እንዲያየኝ ከምፈልገው ሰው በቀር።

አባት የለኝም ያልከውን አጥናፉ አልሰማውም። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። ልዩ ልታነብልኝ ጀምራ አቆመች፤ አጥፊው አልኳት፣ አጠፋችው። የለም። ያን ቃል እንደገና እንዳትጽፍልኝ፣ ይቅርታ እያልክም ቢሆን እንዳትጽፍልኝ።

ስለ ጽሑፉ ልንገርህ። አልጋው ላይ ትራስ ደግፈንለት ነው የጻፈው። ልዩ ቀለሙን ያዘችለት። እጁ ሲንቀጠቀጥበት ቡሩሹን ይሳደብ ነበር፤ አንድ ወረቀት አበላሸ፣ ቀደደው፣ ሌላ አምጡ አለ። «ወሬ ነው ማለቴን ይዞብኛል አይደል? ይኸው ጽፌለታለሁ በይው» አለኝ። ከአንተ ለይቼ የያዝኩት ለሽሮ አይሆንም ብዬ አይደለም። ከፊቴ ጋር አንድ ላይ ገበያ እንዳይወጣ ነው። አሁን ልዩ ፎቶ አንሥታ ከዚህ ጋር ልካልሃለች። አባትህ ለሽሮህ ነው የጻፈው፣ ለሽሮህ ይሁን። እኔን አንሣና እሱን ለጥፍ። ሥራውንም ተቀበል፤ እምቢ ብለህ ደግሞ ሌላ ንዴት እንዳትጨምርብኝ።

ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ ወደዚያች ወደ ባለሱቋ ሂድ። የአባቴን ልቅሶ ልቀመጥ ነው በላት፣ እሷ የሚደረገውን ታውቃለች። ነጠላ ተዋሳት። አዘቅዝቀህ ልበስ፣ ጥለቱን ወደ አንገትህ ሳበው። ለእኔ ብለህ አትኳኳል፣ እንባህን አትጥረግ፣ እንዳለህ ተነሣ። ፎቶውን ላክልኝ።

እኔ አየዋለሁ።

አክስትህ ጀማነሽ